ከቀትር በፊት ብቻ ይጠይቁ የነበሩት የመምህር ኦልጅራ ጉርሜሳ ዕረፍት

ከአሰበ ተፈሪ የንባብና የጥናት ማኅበር
ነሐሴ 1983 ዓ.ም.

«እሳቸው እኮ ሥራቸው መጠየቅ ብቻ ነበር» ሲሉ አንድ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ በቀብሩ ላይ ተሰምተዋል። ማኅበራችን ቃሉን ያለ ማሻሻያ ተቀብሎታል። ሥራቸው መጠየቅ የነበረው መሥራች አባላችን መምህር ኦልጅራ ጉርሜሳ ባደረባቸው ሕመም በሃምሳ ሁለት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ማኅበሩ ጥልቅ ሐዘን ተሰምቶታል። ሐዘኑ ግን ብቻውን አልመጣም፤ ንዴት አስከትሎ ነው።

መምህር ኦልጅራ በ1968 ዓ.ም. ወደ አውራጃችን መጥተው በገለምሶና በአሰበ ተፈሪ አስተምረዋል።

በ1980 ዓ.ም. ዜጋ ለመንግሥት አካል አቤቱታ የማቅረብ መብት እንዳለው ሲታወጅ፣ ሌላው ሲያጨበጭብ እሳቸው «መልስ የማግኘትስ?» ብለው ጥናት ጀመሩ። ዘዴያቸው ቀላል ነበር። አንድ ጥያቄ ለአንድ የመሥሪያ ቤት መስኮት በሦስት ሰው ይቀርባል፦ በባለጉዳዩ፣ ሽርጥ ባሸረጠ ሰው፣ ኮት በለበሰ ሰው። ኮቱ በውሰት የተገኘ ሲሆን ንብረትነቱ የልብስ ሰፊው የአቶ ገብሬ ነው። ከቀትር በኋላ የተጠየቀ አይቆጠርም፤ ዝምታው የሕግ ይሁን የጫት ሰዓት ለመለየት ያስቸግራልና።

በ1981 ዓ.ም. ጥናቱ እስከ በደሳና ቦርደዴ ተስፋፋ። ባለ ሽርጡ ተራ ያዝ ሲባል ለባለ ኮቱ ወንበር ተሳበለት። የውኃ ጉድጓድ መቼ ይቆፈራል የሚለው እንኳ ምሥጢር ሆኖ ተገኘ። ጉድጓዱ ባለመቆፈሩ ምሥጢሩ እስከ ዛሬ ተጠብቋል።

በ1982 ዓ.ም. የገለምሶዋ ጫት ነጋዴ ወይዘሮ መይሙና ለብሔራዊ ውትድርና የተወሰደው ልጃቸው ዓሊዩ በሕይወት ይኑር አይኑር ጠየቁ። በየገበያው ማግስት ከመስኮቱ ይቆማሉ፤ «ነገ ነይ» ይባላሉ። ባለ ሽርጡም ሌላ መልስ አላገኘም። በመጨረሻ አቶ ገብሬ ራሳቸው ኮታቸውን ለብሰው ገቡ። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ከመቀመጫው ተነሥቶ «ይቀመጡ ጌታዬ። የልጁ መርዶ ከመጣ ዓመት አልፎታል፤ ባለቤት ጠፍቶ ነው» አላቸው። ባለቤቱ በዚያች ሰዓት ከመስኮቱ ውጭ ሰልፍ ላይ ነበሩ።

በጥናቱ ደንብ የዓመቱ ዙር በሁሉም መስኮቶች ሳያልቅ ውጤት ለባለጉዳይ አይነገርም። መምህር ኦልጅራ ራሳቸው የጻፉትን ደንብ ራሳቸው አፈረሱት፤ ሽማግሌ ይዘው ገለምሶ ድረስ ሄደው አረዷቸው። ወይዘሮ መይሙና መጀመሪያ አላለቀሱም። «ነገ ነይ ሲሉኝ፣ መምህር፣ ልጄ አለ ማለት መስሎኝ ነበር እኮ» ነው ያሉት።

መምህሩ በሳምንቱ «የመንግሥት ምሥጢር በማውጣት» ከማስተማር ታገዱ። ዘንድሮ መንግሥት ሲለወጥ፣ እገዳው ተነሥቶላቸው እንደሆነ ለማወቅ ወደ መስኮቱ ሄዱ፤ ከቀትር በፊት፣ ያለ ኮት። ነገ ይምጡ ተባሉ። ሲመላለሱ ታመሙ። ያገዳቸው መሥሪያ ቤት ለቀብራቸው የአበባ ጉንጉን ልኳል። ጉንጉኑ በሰዓቱ ደርሷል።

ማኅበራችን ለባለቤታቸው ለወይዘሮ ሎሚ፣ ለባልደረቦቻቸውና ለተማሪዎቻቸው፣ መርዷቸው ገና በሰው መሳቢያ ውስጥ ላለ ወላጆችም ሁሉ መጽናናትን ይመኛል። ለመሳቢያዎቹ ባለቤቶች የሚመኘው ነገር የለውም።

የመምህር ኦልጅራ ጥናት በማኅበሩ ቁም ሣጥን ውስጥ በክብር ተቀምጧል። ማንበብ የሚፈልግ ሰው ቁልፉን ከዋና ጸሐፊው መጠየቅ ይችላል። ዋና ጸሐፊው ስብሰባ ላይ ናቸው።