ቀድሞ የሚቀምሰው

ቡሬ፣ ጥቅምት 12 ቀን

ዛሬ የሚካኤል ማኅበር ተራው የእኛ ነበር። ባሌ አንዳርጌ መጠጥ ከተወ ዘጠኝ ወሩ ነው፤ እኔም ደምበጫ ከእናቴ ቤት ከተመለስሁ ገና ስድስት ወሬ ነው። ተራውን ለሌላ እናሳልፍ ብዬ ብለምነው እምቢ አለ። "ሰው እቤታችን ቁጭ ብሎ ይየን" አለኝ። እኔ ግን አላመንሁትም። ጠላውን ጠምቄ የጋኑን አፍ በጨርቅ ሸፈንሁና እኔ ብቻ በማውቀው ቋጠሮ አሰርሁት። ሳምንቱን ሙሉ ጠዋት ማታ ሄጄ አየው ነበር።

ዛሬ ቋጠሮው እንዳለ አገኘሁትና በጥርስ በጥፍር ብዬ ፈታሁት። አንዳርጌ ሊቀዳ ብድግ ሲል ነው ትዝ ያለኝ፤ ጠላ የሚቀዳ ሰው እንግዳው ፊት ቀድሞ መቅመስ አለበት። ይችን እንዴት እንደረሳኋት! እንግዶቹ ዓይናቸውን ወደ መሬት ጣሉ። የማኅበሩ ቄስ እንኳ አቀረቀሩ።

እሱ ግን የመጀመሪያውን ብርጭቆ ቀድቶ ለእኔ ሰጠኝ።

"አባ፣ እኔ የድርሻዬን ጠጥቼ ጨርሻለሁ። ከእንግዲህ የዚህን ቤት ጠላ የምትቀምሰው እሷ ናት" አላቸው።

"እግዜር ያጽናህ ልጄ" አሉት።

ቀመስሁ። እንደዚያ የጣፈጠ ጠላ ጠምቄ አላውቅም። ያን ጊዜ የማን ሚስት ነሽ ቢሉኝ ስሙን ጮክ ብዬ ነበር የምጠራው።

እንግዶቹ ሲወጡ ብርጭቆ እያጠበ፣ "ለሚመጣው ተራችን ጨርቁን እንዲህ አታጥብቂው፤ ጠዋት ማታ እየሄድሽም አትድከሚ፤ ስትፈችው ጥፍርሽ ተሰበረ" አለኝ።

ለካ ቋጠሮዬን ሳምንቱን ሙሉ ሲያየው ኖሯል።