የዚርካ ጭንቅላት የማን ነው

ቶርን ሌክ፣ ሳስካችዋን
ጁን 14

ለልጄ ለላሪሳ፣ ባሕር ተሻግራ ለቀረችው፣

ይህን ደብዳቤ ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው የጻፍኩት እኔ ነኝ። አስተማሪዬ ወይዘሮ ፕሩደን አላየችውም። የማታ ትምህርቱን ስንጨርስ «ኦረስት፣ ከእንግዲህ ለፈለግከው ሰው መጻፍ ትችላለህ» አለችኝ። እኔም «ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ልጀምር ወይስ ከልጄ?» ብላት ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ከተማሪዎቹ በዕድሜ ትልቁም በመልክ ቆንጆውም እኔ ነበርኩ። እናትሽ ብትኖር ይህችን መስመር ትሰርዝብኝ ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ ስታነብልኝ የኖረች ሴት ስለሆነች የሚሰረዘውን ታውቃለች።

የምጽፈው ጋጣ ውስጥ፣ ድርቆሽ ላይ ተቀምጬ ነው። ፈረሳችን ዚርካ አጠገቤ ቆማለች። ጎረቤታችን ዊልፍ ውጭ ፒካፕ መኪናው ውስጥ ነው፤ ጠመንጃው ጭኑ ላይ ነው። አትደንግጪ፣ ለእኔ አይደለም። ለእሷ ነው።

ከኋላችን ያለውን የድሮ የአጋዘን እርባታ ታስታውሺዋለሽ፣ ያ ረጅም አጥር ያለው። አጋዘኖቹ የመመንመን በሽታ ገብቶባቸው ሁሉም ከተገደሉ ወዲህ ከብቱን እዚያ የሚያስገባ ሰው የለም። በሽታው አፈሩ ውስጥ ለዓመታት ይቆያል ይባላል። ሣሩ ግን ገና በረዶው ሲቀልጥ ነው ለምለም የሚሆነው። አንቺ ደግሞ በፋሲካ በስልክ የነገርሽኝ አለ። ይህን በሽታ የሚያመጣው ፕሪዮን የሚባለው ነገር ቅርጹ የተጣመመ ፕሮቲን ነው፣ ጤነኛውን እየነካ እንደ ራሱ ያጣምመዋል አልሽኝ። የፈረስ ፕሮቲን ግን በዘር የወረሰው ከአጋዘን የሚለይበት ቦታ አለው፣ ቅርጹን አጥብቆ ይይዛል፣ እስከ ዛሬ በተፈጥሮ በሽታው የያዘው ፈረስ አልታየም አልሽኝ። ከዚያ «ግን አባዬ» ብለሽ ቀጠልሽ። እኔ ከ«ግን» በኋላ ያለውን ለቡና ቤቱ ሰዎች አላደረስኩም። «ልጄ የፈረስን ምስጢር ፈልፍላ አወጣች» አልኳቸው። በማግሥቱ አጥሩን ከፍቼ ዚርካን አስገባኋት።

አሁን ጎድን አጥንቷ ይታያል። ስትራመድ የሌለ ግንድ የምትሻገር ይመስል እግሯን ታነሳለች። ጥላዋ ያስደነግጣታል። ትናንት ውሃ ገንዳው ላይ ተንገዳግዳ ወደቀች፤ ስጠራት ዞር አላለችም። እኔን፣ በድምፄ ብቻ ጋሪ የማሳቆም ሰውዬ።

ዊልፍ አጥሩ ላይ ተደግፎ አያት። ውርንጭላ ሳለች ግማሽ በግማሽ የገዛናት ናት፣ ታውቂያለሽ።

«መመንመን ነው» አለ።

«ፈረስ አይይዘውም።»

«ለአጋዘኖቹም እንዲሁ የሚል ነበር። ጭንቅላቷ ተቆርጦ ወደ ምርመራ ይሂድ።»

«በደም አይታወቅም?»

«አንጎሏን ካላዩ አይታወቅም። አንተ ነህ የሳይንቲስት አባት፣ እኔን ትጠይቀኛለህ?»

እውነቱን ነው። ጤነኛ መሆኗን ለማሳየት መጀመሪያ መግደል። እንዲህ ያለ ምርመራ በየትኛው አገር ይወደዳል? «ግማሿ የእኔ ነው» አልኩት። እሱም ያለ ፈገግታ «በጭንቅላቷ በኩል ያለው ግማሽ የእኔ ነው። አንተ ያንተን ከነጭራው ውሰድ» አለኝ። ከእኔ ጋር በጉርብትና ሃምሳ ዓመት ኖሮ የተናገራት አንዲት ጥሩ ቀልድ ይህች ናት፤ ልስቅ አልቻልኩም።

ዛሬ ከሰዓት የእንስሳት ሐኪሟ ዶክተር ጆሊን እስክትመጣ ሊጠብቅ ተስማማ። እኔ ግን አላመንኩትም። ስለዚህ ከጋጣው በር አጠገብ ተቀምጬ እጽፋለሁ። እሱ ጥይቱን ሲያወጣና ሲመልስ ድምፁ ይሰማኛል። ዚርካም ትሰማለች፣ ጆሮዋ ወደዚያ ነው።

መኪና መጣ። ቆይ።

ተመልሻለሁ። መሽቷል፤ ከኩሽና ነው የምጽፈው።

ዶክተር ጆሊን ዚርካን ዓይኗን አየች፣ ወደ ኋላ አስኬደቻት፣ ጭራዋን ስባ ለቀቀች። ከዚያ ወደ አጋዘኑ አጥር ገባች። ዊልፍ «አፈር ልትወስድ ነው» አለኝ። አፈር አልነበረም። ሐምራዊ አበባ ያለው ሣር ነቅላ ይዛ ወጣች።

«ይህን አታውቁትም?»

ልጄ፣ የእብደት ሣር ነው። እዚህ አገር በፈረስ የሚኖር ሰው ሁሉ ያውቀዋል። አባቴ እኔን መራመድ ሳያስተምረኝ ይህን ሣር አስተምሮኛል። ከሌላው ሣር ቀድሞ ይበቅላል፣ ፈረስ አንዴ ከለመደው ሌላ አይፈልግም፣ ነርቩን ይበላዋል። እኔና ዊልፍ ያን አፈር ስንፈራና ስንሟገት ከአፈሩ በላይ ያለውን አላየንም።

«ከዚህ ካወጣችኋት ትተርፍ ይሆናል» አለች ዶክተሯ። «ግን አቶ ኦረስት፣ ሰው አይቀመጥባትም። የተጎዳው ሁሉ አይመለስም።»

እኔ እፎይ አልኩ። ዊልፍ ግን «ቢሆንም ጭንቅላቷ ይታይ» አለ።

«ለምን?» አለችው።

«ይታይ ነው የምልሽ።»

ዶክተሯ ከሄደች በኋላ ጠመንጃውን ይዞ ከፒካፑ ወረደ። በሩ ላይ ቆምኩበት። «እኔን ረግጠህ ነው የምታልፈው» አልኩት። ያን ጊዜ እጁን አየሁት። ይንቀጠቀጣል። ቁጣ መስሎኝ ነበር።

«ኅዳር ላይ የገደልነውን አጋዘን ታስታውሳለህ?» አለኝ።

እዚህ እንዴት እንደምናደርግ ታውቂያለሽ። ጭንቅላቱን ለምርመራ እንሰጣለን፣ ሥጋውን ግን ውጤቱን ሳንጠብቅ ቋሊማ እናደርገዋለን። ማን ይጠብቃል? ውጤቱ የመጣው በየካቲት ነው። የገናውን ቋሊማ ያኔ እኔና ዊልፍ በልተን ጨርሰን ነበር። በሽታው አለበት አሉን። ለአንቺ በስልክ አልነገርኩሽም፤ ሥራ ላይ ነበርሽ።

«እጄ ከፀደይ ጀምሮ እንዲህ ነው» አለ ዊልፍ። «ፈረስ አይይዘውም አልክ። የማይይዘው ከያዛት እኔስ? ካልያዛት ደግሞ… እንጃ። ጭንቅላቷ ውስጥ የራሴን ነገር የማየው መስሎኝ ነው።»

ቀልድ ፈለግሁ። እውነት እልሻለሁ፣ ፈለግሁ፣ አጣሁ። «ዊልፍ፣ የእሷ አንጎል የሚናገረው ስለ እሷ ብቻ ነው» አልኩት። ከዚያ ገመዷን ሰጠሁት። «በጭንቅላት በኩል ያለው ግማሽ ያንተ አይደል? ያዛትና ወደ እናንተ ቤት ውሰዳት። እዚያ ይህ ሣር የለም።»

በመጨረሻ ጠመንጃውን ለእኔ ሰጠኝ፣ ገመዱንም ያዘ። ቀስ ብሎ መራት። እሷ ስትደናቀፍ ይቆማል፣ እሱ ሲቆም እሷ ትቆማለች። እኔ ከጭራዋ በኩል ተከተልኩ።

አሁን ጥያቄዬን ስሚ። ፈረሱን ነገርሽኝ። የሰው ፕሮቲንስ? አጥብቆ ይይዛል? ዶክተሯን መኪናዋ ጋ ሸኝቼ ቀስ ብዬ ጠይቄያት ነበር። እስከ ዛሬ ከአጋዘን ወደ ሰው ሲተላለፍ አልታየም፣ ቢሆንም የታመመ ሥጋ አትብሉ ነው የሚባለው አለችኝ። «አልታየም» ማለት ምን ማለት እንደሆነ አንቺ ንገሪኝ። በዚህ ጊዜ ከ«ግን» በኋላ ያለውንም ጻፊው፣ ሳታሳጥሪ። የእጁን ነገር በከተማ ሐኪም እንዲያሳይ ሰኞ እኔ ራሴ እወስደዋለሁ። እጅ የሚያንቀጠቅጥ ስንት ነገር አለ፣ እርጅናን ጨምሮ።

በስልክ አትንገሪኝ። በስልክ ድምፅሽን አዳምጣለሁ እንጂ ቃሉን አልሰማም። ጻፊልኝ፤ ብቻዬን ቀስ ብዬ አነባለሁ። ስትጽፊ ግን «ዊልፍ» እያልሽ ጻፊ። የእኔን ስም አትጨምሪበት።

እንቅልፍሽ የሰላም ይሁን፣ እጅሽ የነካው ሥራ ይቅናልሽ፣ በዚያ ዝናባም አገር ደረቅ ጫማ አይጥፋብሽ። እናትሽ ከላይ፣ እኔ ከታች እንጠብቅሽ።

አባትሽ
ኦረስት