አንዷ ልጅ ጎደለች

ውድ ልጄ ሞሪን፣

ከነልጆችሽ ጤና ይብዛልሽ፤ የቶሮንቶም ብርድ ይራራልሽ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። የሚያፈሰው ጣሪያ ተጠገነ። ወንድምሽ ኪት እሑድ እሑድ ይመጣል፤ እህትሽ ሺላም ሾርባ አታስቀርብንም።

አባትሽ ግን ባሰበት። የእኔን ስም እንኳ ረስቷል፤ የልጅነታችሁን የባሕር መዝናኛ፣ ብላክፑልን ግን አልረሳም። በየቀኑ አሥር ሰዓት ሲሆን የመሀረቡን አራት ጫፍ ቋጥሮ እንደ ፀሐይ ባርኔጣ ራሱ ላይ ይደፋል። ከዚያ፣ ያኔ ከባሕሩ ዳርቻ ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ ያደርግ እንደነበረው፣ ልጆቹን ይቆጥራል። «ኪት አለ። ሺላ አለች። ሞሪንስ?»

የጎረቤታችንን ልጅ አንቺ መስላው ቆጥሮ ጥለንሽ የሄድን ዕለት ትዝ ይልሻል? ተመልሰን ስንመጣ ባልዲሽን አቅፈሽ ቆመሻል፣ የባሕሩ ውኃ እየሞላ ጉልበትሽ ደርሷል። አንቺ ያለቀስሽው ሳንድዊችሽ አሸዋ ስለገባበት ነው። አባትሽ ግን እስከ ቤት ድረስ ደጋግሞ ሲቆጥራችሁ መጣ።

ትናንት በዝናብ ወጥቶ መኪና መንገድ መሀል አገኘሁት። «ዊልፍ፣ ልጅቷ እኮ አድጋ ውጭ አገር ናት» ብለው፣ «ምን ዓይነት እናት ነሽ አንቺ! ውኃው እየመጣባት ነው!» ብሎ ገፈተረኝ። ወደቅሁ። ልጄ፣ አቃተኝ፤ ከእንግዲህ ሮጬ አልደርስበትም።

ነይ አልልሽም፣ ሥራ እንዳለብሽ አውቃለሁ። ብቻ በእኛ አሥር ሰዓት ላይ ደውዪና «አባዬ፣ አውቶቡሱ ላይ ተሳፍሬያለሁ» በይው። እሱን ከሰማ ይቀመጥልኛል።

ከልጆችሽ አንድ እንኳ አያጉድልብሽ።

እናትሽ ዶሪስ