የመጨረሻው ፉርጎ ፍሬን

ድሬዳዋ፣ ጥር 1990

ገዲሴ የኔ ቆንጆ፣ ወሬው ሳይበርድ ልንገርሽማ! ለጉብኝት በተነሳው የድሮ የእንፋሎት ባቡር፣ አገሩን ልይ ብዬ የመጨረሻው ፉርጎ ጫፍ ላይ ዘፍ አልኩ። ለካስ የፍሬን ሠራተኛ ወንበር ኖሯል! ለዚህ ጉዞ የተጠሩት ጡረተኛ የፍሬን ሠራተኛ፣ ጋሽ አብዲ፣ ከት ብለው ሳቁ፤ «አቦ፣ እዚህ የተቀመጠ ፍሬን ይይዛል! በእኛ ጊዜ ለየፉርጎው አንድ ሰው ነበር፤ ዛሬ የቀረነው ሁለት ነን። ባቡሩ ሦስቴ ሲያፏጭ ይህን መዘውር ታዞሪያለሽ።» ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። እሳቸው ግን ጥለውኝ ወደ ፊተኛው ፉርጎ ሄዱ።

ቁልቁለቱ ላይ ሦስቴ አፏጨ። ጎፋ ዳገት ላይ ታክሲ ሲቆም ረዳቱ ወርዶ ጎማው ሥር ድንጋይ ያደርግ የለ? እዚህ ድንጋዩ እኔ ሆንኩ! ከጎኔ ገደል፣ ከፊቴ አርባ ሰው። መዘውሩ ላይ ተንጠልጥዬ አዞርኩት። ብረቱ ሲያቃስት፣ እኔ ማርያም ማርያም ስል፣ ባቡሩ እንደምንም ቀስ አለ። ጋሽ አብዲ መጥተው «በቃ ልቀቂው፣ ጎበዝ!» ቢሉኝ ጣቶቼ አልፈታ አሉ፤ አንድ በአንድ አላቀቋቸው።

ነገ ስንመለስ ሌላ ቁልቁለት አለ፤ «ቦታው ያንቺ ነው» ተብያለሁ። ጸልዪልኝ። ቴዎንና ልጆቹን ሳሚልኝ። ለእማዬ ግን ተደላድላ ተቀምጣ ሄደች በያት።

ውዳሴ