ቀዮን ለወ/ሮ ብርቄ

ነሐሴ 27፣ ጠዋት

ፉርሽካ በውኃ ለወስኩ። እጄ ሸተተ። ቀዮ ሳህኑ ውስጥ ቆማ ትበላለች፤ ሥርዓት የላትም። ገብስማዋ ካርቶኗ ውስጥ እንቁላሎቿን ታቅፋ ንቅንቅ አትልም። ውኃ ባቀርብላት በመንቆሯ ወጋችኝ። ዝናብ። የዶሮ ቤቱ ቆርቆሮ ያፈሳል። ደብተሬ፣ እኔ ሰዓት ሠሪ ነኝ። በዚህ ዕድሜዬ ዶሮ ጠባቂ የሆንኩት እትዬ ስለወደቀች ነው እንጂ ወድጄ አይደለም።

እትዬ ዘነቡ፣ ታላቅ እህቴ። ሰኔ ላይ ደረጃው አዳልጧት እግሯ ተሰበረ። ጀሶው ከተፈታ ቆየ። ሐኪሙ በምርኩዝ ትራመድ ብሏል። ነገ ትላለች። ሁልጊዜ ነገ። ባሏ ከሞተ ወዲህ በማለዳ ከአልጋ የሚያስወርዷት ዶሮዎቿ ነበሩ። አሁን የምነሳላቸው እኔ ነኝ፤ እሷ ተኝታ ጣራ ታያለች። በዚያው እንዳትቀር እፈራለሁ።

ነሐሴ 29፣ ማታ

ቁርጡ ታወቀ። ግቢውን ከመስቀል በኋላ እንለቃለን። የደረሰን ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው። ዛሬ ከሱቅ ቀርቼ አየሁት። ንጹሕ ነው፤ ብርሃን አለው። ሊፍቱ ይሠራል አሉ። አሉ ነው። የጋራ ማረጃ ቤት አለው፤ ማርቢያ ግን የለውም። የኮሚቴው ሰውዬ በረንዳ ላይ ዶሮ እንደማይፈቀድ በትሕትና አስረዳኝ። ለእትዬ ምን ብዬ ልንገራት?

ነሐሴ 30

ነገርኳት። አላለቀሰችም። ለሚያረባ ሰው ስጣቸው አለች። ለሚያርድ አይደለም፤ ለሚያረባ። ደጋግማ አስጠናችኝ፣ እንደ ተማሪ።

ቀዮ አምና ፈንግል ገብቶ ሌሎቹን ሲፈጃቸው የተረፈች ናት። እትዬ ነጭ ሽንኩርት በእጇ እያጎረሰች፣ ማታ ማታ ከጎኗ እያሳደረች ነው ያዳነቻት። ገብስማዋ እስክትፈለፍል አትነካም ተብያለሁ። እንቁላሎቹ የፍልሰታ ናቸው። ጾም ስለነበር አልበላናቸውም፤ ተጠራቀሙ። እትዬ ከአልጋዋ ሆና ስታዝ፣ እኔ ገብስማዋን አስታቀፍኳት። አባትየው የጎረቤት አውራ ዶሮ ነው። ጎረቤት ቀድሞ ለቋል፤ አውራውም አብሮ።

ጳጉሜን 2

ዶሮ የሚቀበል ጠፍቶ አይደለም። ሁሉም ይቀበላል፤ ችግሩም እሱ ነው። ከሱቄ አጠገብ ያለው ወርቅ ሠሪ ጥያቄዬን ሳልጨርስ፣ ታርዳ ተበልታ ነው ወይስ ከነላባዋ የምታመጣት ብሎ ሳቀብኝ። በምኒልክ አደባባይ ሳልፍ ሰው ሁሉ ዶሮ አንጠልጥሏል። በዚህ ሰሞን ዶሮ ለኑሮ የምትሰጥ መሆኗን ማን ይገምታል?

ወ/ሮ ብርቄ ትዝ አለችኝ። የድሮ ጎረቤታችን ናት፤ አሁን ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ማዶ ትኖራለች። ሰፊ ግቢ አላት። ለእትዬ ስነግራት ፊቷ በራ። ብርቄማ ደግ ናት አለች።

ጳጉሜን 4፣ ማታ

ሰጠኋት። ቀዮን እግሯን በሲባጎ አስሬ፣ ዝናብ እየመታኝ ድልድዩን ተሻገርኩ። ወ/ሮ ብርቄ በሁለት እጇ ተቀበለችኝ። ምነው ተቸገራችሁ፣ እሷ ታማ ተኝታ ጭራሽ ለእኔ፣ እያለች እንባዋ መጣ። ልነግራት ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ልጆቿ ዙሪያዬን ቆመው ዶሮዋን በእጃቸው ይመዝናሉ። በበዓል ዋዜማ ለሰው ዶሮ ሰጥቶ አትረዷት ይባላል? የሰጠሁትን መልሼ እንደመንጠቅ ሆነብኝ። አፈርኩ። እንኳን አደረሳችሁ ብዬ ወጣሁ።

መንገድ ላይ ራሴን አባበልኩ። ገና እንቁላል የምትጥል ዶሮ ማን ያርዳል? ታውቃለች። ሴት ናት፣ ባለሙያ ናት፣ በዓይኗ አይታ ታውቃለች።

እትዬ ገና በር ስከፍት፣ ነገርካት ወይ አለችኝ። አዎ አልኩ። እፎይ ብላ ተኛች። እኔ ግን እንቅልፍ የለም።

መስከረም 1፣ ከሰዓት

ወ/ሮ ብርቄ መጣች። ድስት በጨርቅ ቋጥራ፣ አበባ ይዛ፣ ስቃ። ቋጠሮው ሳይፈታ ሽታው ነገረኝ።

እትዬ ቀና ብላ ተቀመጠች። ከወደቀች ወዲህ እንዲህ ስትበላ አላየኋትም። ወ/ሮ ብርቄ ፈረሰኛውን አውጥታ አቀረበችላት፤ አጎረሰቻት። እኔ ሆዴን አሞኛል ብዬ ጥግ ያዝኩ። ዝም ብላ ብትሄድ ምን ነበረበት! ግን የሰጠ ይመስገን ብላ ዶሮዋን ታወድስ ጀመር። ስቧ፣ ሥጋዋ፣ ሆዷ ውስጥ ተደርድሮ የተገኘው እንቁላል። ልጆቹ ጉድ አሉ አለች።

የእትዬ እጅ ጉርሻውን እንደያዘ ቆመ። እኔን አየችኝ። ረጅም አየችኝ። ከዚያ ጎረሰችው። አላመጠች፣ ዋጠች። እጅሽን ቁርጥማት አይንካው ብላ መረቀቻት። የቀረበላትን ሁሉ ጨረሰች፣ ፍርፋሪ ሳታስቀር።

ወ/ሮ ብርቄ ከወጣች በኋላ የእትዬን እጅ አስታጠብኩ። ሳሙና ደግማ ጠየቀች። ወደ ግድግዳው ዞረች።

መስከረም 3

አታናግረኝም። ሱቅ ሄድኩ። የሰው ሰዓት ፈታሁ፤ መግጠም አቃተኝ። መልሼ በወረቀት ጠቀለልኩት። ደክሞኛል ደብተሬ። ሰው ባልተናገረው ነገር እንዲህ ይደክማል?

ውሸቴ ይብስብኛል። አዎ ያልኳት።

መስከረም 5፣ ጠዋት

ገብስማዋ ፈለፈለች! ካርቶኑ ውስጥ ጭው ጭው ይላል። አንዳንዱ እንቁላል ባዶ ወጥቷል፤ ቢሆንም ክንፏ ሥር የሚርመሰመሰው ብዙ ነው። አንዷን ጫጩት በመዳፌ ይዤ ለእትዬ ወሰድኩላት። ተቀበለችኝ። ጉንጯ ላይ አስጠጋቻት። ከዚያ ተናገረች። ለብርቄ ስጣቸው።

ደነገጥኩ። ለብርቄ?! ግቢ ያላት እሷ ናት አለች። እሷ አላወቀችም፤ ያወቅከው አንተ ነህ። አሁንስ እነግራታለሁ ብዬ ማልኩ። በአንተ አፍ አላምንም አለች። እኔው ሄጄ እነግራታለሁ። ብርድ ልብሱን ገፈፈች። እግሯን መሬት አስነካች። ምርኩዙን አቀብለኝ አለች።

አቀበልኳት።

መስከረም 8

ከአልጋ እስከ በር። ከበር እስከ ዶሮ ቤት። እየተሳደበች። ብዙው ስድብ ለእኔ ነው፤ ግድ የለም።

መስከረም 12፣ ማታ

ሄድን። ጫጩቶቹና እናታቸው በካርቶን። ታክሲው ድልድዩ ጋ አወረደን፤ የቀረውን በእግር፣ በምርኩዝ። እትዬ መንገዱን ሁሉ የምትለውን ስትለማመድ ሰማኋት፤ ቃል በቃል።

ወ/ሮ ብርቄ እትዬን ቆማ በማየቷ እልልታዋን አቀለጠችው። አስቀመጠችን። እትዬ ጉሮሮዋን ጠረገች። ዶሮ ወጡን አመሰገነች። ስለ ልጆቹ ትምህርት ጠየቀች። ዝናቡን አማች። ካርቶኑ እግሬ ሥር ይጮኻል፤ ወ/ሮ ብርቄ ሰርቃ ታየዋለች፣ ምንድን ነው ብላ ለመጠየቅ እሷም ትፈራለች። እትዬ አፏን ከፈተች፤ ዘጋችው። እንደገና ወጡን አመሰገነች። ያኔ ገባኝ። አፍራለች። የአንድ እናት ልጆች አይደለን!

ስለዚህ እኔው አልኩት። ቆሜ፣ እንደ ሕፃን። «ወ/ሮ ብርቄ፣ እነዚህ ለማርባት ናቸው። እንዳይታረዱ። ቀዮም ለማርባት ነበረች። አፍሬ ነው ያልነገርኩሽ።»

ወ/ሮ ብርቄ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። ምን አበላሁሽ፣ ምን አበላሁሽ እያለች የእትዬ ጉልበት ላይ ወደቀች። እትዬ አባበለቻት፤ ወንድሜ ነው፣ ከልጅነቱም እንዲህ ነው እያለች። ሁሉም እኔ ላይ አለቀ። ይለቅ። ወ/ሮ ብርቄ ካርቶኑን ወስዳ ምድጃው አጠገብ ሞቅ ያለ ቦታ አስቀመጠችው። እትዬ እየመጣች እንድታያቸው አስማለቻት።

ስንመለስ ድልድዩ ላይ ቆምን፣ እግሯ እንዲያርፍ። ክንዴን ይዛለች። ሰው ይተላለፋል፤ ሎተሪ የሚሸጠው ይጮኻል። ብዙ ቆየን። ሊመሽ ነው ልላት ስል፣

«ብቻ ጣፍጣ ነበር» አለችኝ።

ሳቄ አመለጠኝ። ዞሬ ሳያት ታለቅሳለች።