ወንድሜ መካን ናት ብሎ የሰጠኝ ላም

መካነ ሰላም፣ ሐሙስ ጥር 13 ቀን 1996 ዓ.ም.

ታላቅ ወንድሜ ሰይድ የአባታችንን ውርስ ሲያካፍል መሬቱንና በሬዎቹን ለራሱ አስቀረ። «እሷ ተምራለች፤ ደመወዝ ይበቃታል» አለ። ለእኔ ዳልቻ የምትባለውን ላም ሰጠኝ። «ወላሂ መካን ናት፤ ሆዷ ጮማ ነው» ብሎ በሽማግሌዎች ፊት ማለ።

ዛሬ ጠዋት ጡጫዬን በዳልቻ ቀኝ ጎን ጫን አድርጌ ያዝኩ። ከውስጥ ጠንካራ ነገር መልሶ ገፋኝ። ጡቷም ሞልቷል። ወዲያው በረቱን ጠርጌ ደረቅ ጭድ ማንጠፍ ጀመርኩ።

ሰይድ በአጥሩ አየኝና ገባ። «ይህ ሁሉ ፍራሽ ለማን ነው? ሙሽራ ልታስገቢ ነው?» አለ። እጁን ይዤ ጎኗ ላይ አኖርኩት። ጥጃው ሲረግጠው ጥምጣሙ እስኪወልቅ ወደ ኋላ ዘለለ።

«ሆዷን ነፍቷት ነው!»

«የተነፋ ሆድ ይራገጣል እንዴ፣ ወንድም ጋሼ?»

ጥምጣሙን አነሳ። ድምፁም ለሰለሰ። «እህቴ፣ የላም ምጥ ለብቻሽ ይከብድሻል። በአንድ በሬ እንለዋወጥ።»

«ሽማግሌዎቹን ጥራና መሐላህ ውሸት እንደነበር ንገራቸው። ያኔ ስለ መሬቱም እናወራለን» አልኩት።

ሳይሰናበተኝ ወጣ። በሬ አልፈልግም። ዳልቻ ስትወልድ እንገሩን ቀድመው የሚቀምሱት ሽማግሌዎቹ ናቸው። ከመካኗ ላም የታለበ ነው ብዬ ራሴ አደርስላቸዋለሁ።