«ቤቶች!» ተብሎ ስለተከፈተው በር

ለክቡር አቶ ይልማ አጥናፉ
የቤት አከራይ ማኅበሩ የነዋሪዎች ጉዳይ ኃላፊ
ዞሰንሃይም፣ ፍራንክፈርት አም ማይን
ማርች 4 ቀን 2013

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤንነትዎን እጠይቃለሁ። በዚህ ክረምት የሕንፃችን አሳንሰር ተበላሽቶ ሳለ እስከ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ሁለት ጊዜ በእግርዎ ወጥተዋልና ጉልበትዎ እንደምን ሰነበተ? በስልሳ ዓመትዎ እንዲህ ያለ ትጋት ማሳየትዎ ለእኛ ለነዋሪዎቹ ትምህርት ነው። እግዚአብሔር ዕድሜና ብርታት ይጨምርልዎ፤ ከተማው ገና ብዙ ደረጃ አለው።

በመጪው ሐሙስ በሰፈራችን አዳራሽ በሚደረገው ስብሰባ፣ የመኖሪያ ፈቃድ ለሌለው ሰው ቤት ማከራየትም ሆነ እሱን ማሳደር በከተማው ሁሉ እንዲከለከል የቀረበውን ሐሳብ ደግፈው እንደሚናገሩ ሰምተናል። ማኅበርዎ ይህንኑ ደንብ ከጃንዋሪ ጀምሮ በራሱ ሕንፃዎች ሥራ ላይ አውሎታል፤ ፈቃድ የሌለው ወይም ያልተመዘገበ ሰው ያስጠጋ ተከራይ ለመጀመሪያ ጊዜ ማስጠንቀቂያ ይደርሰዋል፣ ለሁለተኛ ጊዜ ከቤቱ ይወጣል። ሐሙስ ዕለት ስለ ደንቡ ፍሬ ሲያስረዱ ምሳሌ እንዳያጡ፣ በቁጥር 12 ሦስተኛ ፎቅ፣ በወይዘሮ ተዋበች ቤት የታየውን በተራ ቁጥር አዘጋጅቼልዎታለሁ።

1. ስለ ባህል አዋቂነትዎ

ወይዘሮ ተዋበች በአረጋውያን መጦሪያ የምትሠራ፣ ባሏ የሞተባት የሁለት ልጆች እናት መሆኗን ከማንም በላይ ያውቃሉ። የአክስቷ ልጅ ክንፈ የጥገኝነት ጥያቄው ውድቅ ከሆነበት ጊዜ አንሥቶ፣ ከኖቬምበር ጀምሮ ሳሎኗ ውስጥ ያድር ነበር። እውነቱን አልሸሽግም፤ ፈቃድ አልነበረውም፣ እሷም ይህን ታውቅ ነበር፣ ደንብዎን ጥሳለች።

በጃንዋሪ ወር የማኅበርዎ ጀርመናውያን ሠራተኞች ሦስት ጊዜ መጥተው ደወል ደውለው ማንም ሳይከፍትላቸው ተመልሰዋል። በዚያ ቤት ደወል ሲጮኽ ልጆቹ ድምፃቸውን አጥፍተው ይቀመጣሉ። ደወል የሚደውለው ባዕድ ነው፤ የእኛ ሰው ከደጅ ቆሞ «ቤቶች!» ይላል፣ ከውስጥም «ይግቡ» ይባላል። ይህን የትኛውም የሥራ መመሪያ ላይ አያገኙትም፤ እርስዎ ግን ከእናትዎ ቤት ይዘውት መጥተዋል። ፌብሩዋሪ 5 ቀን ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከአሥር፣ ወደ ደወሉ የተዘረጋውን የጥበቃ ሠራተኛ እጅ በእርጋታ መልሰው፣ ጉሮሮዎን ጠርገው፣ «ቤቶች!» አሉ። የስምንት ዓመቷ ሚልካ የትምህርት ቤት ቦርሳዋን እንዳዘለች «ማማ! ኦንክል ይልማ መጡ!» ብላ፣ በጀርመንኛ አጎት እያለችዎ፣ እየሮጠች ከፈተችልዎ።

ጀርመኖች በሦስት ጉዞ ያልቻሉትን በአንድ ቃል ስለፈጸሙ፣ ባህላችን በዚህ አገር ጥቅም ላይ ሊውል እንደሚችል ስላሳዩን፣ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

2. ስለ አጃቢዎችዎ

ከኋላዎ ሦስት የጥበቃ ሠራተኞችና አንድ ውሻ ነበሩ። የሆነውን ያለ ቅጽል እጽፍልዎታለሁ።

የመጀመሪያው ሰው ሚልካን በትከሻዋ ይዞ ወደ ግድግዳው ወረወራት፤ ግንባሯ ከኮት መስቀያው ጋር ተጋጭቶ ተሰነጠቀ፣ አራት ቦታ ተሰፋ። ሁለተኛው ተዋበችን ጉሮሮዋን አንቆ ወጥ ቤቱ ውስጥ ከወንበር ጋር አጣበቃት፤ የአምስቱ ጣቶች ምልክት በሐኪም ወረቀት ላይ ሰፍሯል። ክንፈ በካልሲ ወደ ሰገነቱ ሮጠ። የብረት መከለያውን ተሻግሮ ወደ ታችኛው ሰገነት ሊወርድ ሲንጠለጠል ሦስተኛው ሰው ውሻውን ለቀቀው። ፊት ለፊት ካለው ሕንፃ በመስኮት ታይ የነበረች ጀርመናዊት ጎረቤት እንደተናገረችው፣ ውሻው ብረቱን የጨበጠውን ቀኝ እጁን ነከሰ፣ ነክሶም አልለቅም አለ። ክንፈ ሃያ ሴኮንድ ለሚያህል ጊዜ በግራ እጁ ብቻ ቆየ። ከዚያ ከታች ካለው የብስክሌት ማቆሚያ ላይ ወደቀ።

ብረቱ በጎኑ ገብቶ ነበር። ተዋበች ከሁለተኛው ሰው እጅ አምልጣ በባዶ እግሯ በረዶውን ረግጣ ስትደርስ በሕይወት አገኘችው። ሊናገር ሲሞክር ደም ይቀድመው ነበር፤ ከመካከሉ የሰማችው «ሚልካን አታስወጧት፣ እንዳታየኝ» የሚለውን ብቻ ነው። አምቡላንሱ ውስጥ አረፈ። ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነበር።

እርስዎ በዚያ ሰዓት ደረጃው ላይ ቆመው ቅጽ ይሞሉ ነበር። ቅጂው በእጄ ነው፤ «ፈቃድ የሌለው ሰው፦ አንድ። ያለበት ሁኔታ፦ ቤቱን ለቋል።» ለሠላሳ ዓመት በጋዜጠኝነት ዜና ሳሳጥር ኖሬያለሁ፤ ይህን ያህል ያጠረ ግን ገጥሞኝ አያውቅም።

3. ስለ ምርመራው

ማኅበርዎ ባደረገው የውስጥ ማጣራት ክንፈን ማንም እንዳልገፋው ተረጋግጧል። ትክክል ነው፤ ማንም አልገፋውም። ውሻው ቃሉን እንዲሰጥ መጠራቱን ግን ሰነዱ አይገልጽም።

4. ስለ ለቅሶ መድረስዎ

ፌብሩዋሪ 7 ቀን ጠዋት፣ ክንፈ ገና አልተቀበረም፣ የማኅበርዎ የመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ በፖስታ ደረሰ። በዕለቱ ከሽቫንሃይምና ከፌኸንሃይም ሰፈሮች የመጡ ዘመድ ወዳጆች፣ የጸሎት ቤቷም ሰዎች፣ ተዋበችን ብቻዋን ላለመተው ሳሎኑ ውስጥ ፍራሽ አንጥፈው ተቀምጠዋል። ሦስቱን ቀን አብረዋት ሊያድሩ ነው የመጡት። ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ እርስዎ ከነአጃቢዎችዎ ተመለሱ፣ አሁንም «ቤቶች!» አሉ።

በዚህ ጊዜ «ይግቡ» ያለዎት የለም። የተዋበች ወንድም ያሬድ ከውስጥ «ጋሽ ይልማ፣ ዛሬ ለቅሶ ሊደርሱ ነው ወይስ የቀረውን ሊወስዱ?» ሲል ጠየቀዎት፤ መልስዎ በጀርመንኛ፣ ለአጃቢዎችዎ ነበር። በሩን በትከሻና በብረት ሰበሩት። ከበሩ ኋላ ቆመው «ተዉ፣ ልጆች፣ ተዉ» ይሉ የነበሩት የሰባ አንድ ዓመቷ ኤርትራዊት ጎረቤታችን እማማ ኣብርሀት፣ የበሩ ጠርዝ አገጫቸውን መታቸው፤ አገጫቸው ተሰበረ፣ ሁለት ጥርሳቸው ወለሉ ላይ ተገኘ። ያሬድን በሆዱ አስተኝተው አንዱ አንገቱ ላይ በጉልበቱ ቆመ፣ ሌላው ክንዱን ወደ ኋላ ጠመዘዘው፤ ትከሻው ሲወልቅ የተሰማው ድምፅ ወጥ ቤት ለነበሩት ሴቶች የሰሃን ስብራት መስሏቸዋል። ያሬድ የጀርመን ፓስፖርት ያለው ሰው ነው። ኪሱ ውስጥም ይዞት ነበር፤ እጁ ግን ኪሱ ጋር ሊደርስለት አልቻለም።

እማማ ኣብርሀት ደማቸውን በነጠላቸው ይዘው ከወለሉ ላይ ቀና ብለው ያሉዎትን፣ ምናልባት በጩኸቱ ምክንያት ካልሰሙት፣ ልድገምልዎት፤ «ይልማ፣ ልጄ፣ ከፍራሹ ላይ ውረድ፤ የሐዘንተኛ ነው።»

5. ስለ ቆጠራዎ

ከፍራሹ አልወረዱም፤ ይልቁንም ቆጠሩት። ፍራሾቹ አሥራ አንድ ሆኑ። በቅጹም ላይ «ያልተመዘገቡ ነዋሪዎች፦ አሥራ አንድ» ብለው ጽፈው ፈረሙ። በዚያች ፊርማ የተነሣ ሁለተኛው ጥፋት ተቆጥሮ፣ ተዋበች ከሁለት ልጆቿ ጋር እስከ ማርች 31 ቤቱን እንድትለቅ ተጽፎላታል። ከአሥራ አንዱ አንድም ፈቃድ የሌለው ሰው አልነበረም፤ እዚያ ቤት ፈቃድ ያልነበረው አንድ ሰው ነው፣ እሱም ያን ዕለት በሬሳ ማቆያ ነበር።

አጃቢዎችዎ ወለል ላይ የተነጠፈ ፍራሽ ሲያዩ የሚደበቅ ሰው ቢመስላቸው አልፈርድባቸውም፤ ማንስ ነግሯቸው ያውቃል? እርስዎ ግን፣ ክቡር ሆይ፣ የተዋበች ባል አቶ ፍስሃጽዮን ከአራት ዓመት በፊት ሲያርፍ በዚያው ሳሎን፣ በዚያው ፍራሽ ላይ ሦስት ቀን ተቀምጠው አልቅሰዋል። ያን ጊዜ ማንም አልመዘገበዎትም። ቆጠራውን ሲጀምሩ ጫማዎ የረገጠው አረንጓዴ መስመር ያለበት ፍራሽ ደግሞ ከዚያም የቆየ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1989 የእርስዎ የጥገኝነት ጥያቄ ውድቅ ሲሆን፣ ፍስሃጽዮን ወጥ ቤቱ ውስጥ አንጥፎልዎት ስምንት ወር የተኙበት እሱ ነው። እንደ ደንብዎ ቢሆን ፍስሃጽዮን ያን ጊዜ ከቤቱ ይወጣ ነበር፤ እርስዎ የሚወድቁበትን ቦታ ግን አላውቅም፤ ያን ጊዜ የብስክሌት ማቆሚያው አልተሠራም።

6. ስለ ሐሙሱ ንግግርዎ

ደንቡ ፈቃድ የሌላቸውን ከበዝባዥ አከራዮች ለመጠበቅ የወጣ ነው እንደሚሉ ሰምቻለሁ። በፌኸንሃይም ከአንድ መጋዘን ጀርባ መስኮት በሌለው ክፍል ስምንት ሰው በተደራራቢ አልጋ የሚያሳድር አከራይ አለ፤ ከጃንዋሪ ወዲህ ቤቱ ሞልቶበት አልጋ ያጡትን እየመለሰ ነው። ዘመድ በሩን ሲዘጋ ሰው ወዴት እንደሚሄድ እሱ በደንብ ገብቶታል። ለማኅበርዎ የምስጋና ደብዳቤ መጻፍ ያለበት እሱ ነበር፤ ጽሕፈት ስለማይቀናው እኔ ተክቼዋለሁ።

ሕግ ይከበር የሚለውን እኔም እቀበላለሁ። መንግሥት ማን በአገሩ እንደሚኖር የመወሰን መብት አለው፤ ለዚህም ፍርድ ቤት፣ ጠበቃና ይግባኝ ሠርቷል። እርስዎ የሚደግፉት ሕግ ግን ዳኛውን ትቶ ሥራውን ለአከራይ፣ ለጎረቤትና ለውሻ ይሰጣል። ከአዳራሹ ተሰብሳቢዎች መካከል ማንም ይህን ልዩነት ካልተረዳ፣ እርስዎ በሚገባ እንደሚያስረዱ አልጠራጠርም፤ በቦታው ነበሩና።

7. ስለ አንዲት ትንሽ ልመና

በዚህ ሁሉ መካከል ከእርስዎ የምንጠይቀው አንድ መስመር ነው። በፌብሩዋሪ 7 ቅጽ ላይ «ያልተመዘገቡ ነዋሪዎች» የሚለውን ሰርዘው «ለቀስተኞች» ብለው ይጻፉ፣ ይፈርሙም። ሁለተኛው ጥፋት በዚያው ይፋቃል፣ ተዋበችም ልጆቿን ይዛ ባሏ በተወላት ቤት ትቆያለች። ውሸት እንዲጽፉ አልጠየቅንም፤ ያዩትን እንዲጽፉ ብቻ ነው። ጠበቃዋ እንዳረጋገጠልን ከእርስዎ በቀር ይህን ቃል በሥልጣን ሊጽፍ የሚችል ሰው የለም፤ ያን ዕለት ከመጡት አራት ሰዎች የለቅሶ ቤት ምን እንደሆነ የሚያውቁት እርስዎ ብቻ ነዎትና።

ሚልካ እንደምን ናት ብለው ቢጠይቁ፣ ስፌቷ ተፈትቷል። በር ግን አትከፍትም፤ ለእናቷም ቢሆን። አንድ እሑድ የጸሎት ቤቱ መጋቢ በደጅ ቆመው «ቤቶች!» ቢሉ አልጋ ሥር ገብታ ሱሪዋ ላይ ሸናች። እሳቸውም ከዚያ ወዲህ እንደ ባዕድ ደወል ይደውላሉ፤ እሷም ስትሰማው ድምፅዋን አጥፍታ ትቀመጣለች።

ስለ ጊዜዎና ስለ ትዕግሥትዎ እያመሰገንኩ፣ በሹመትዎ ላይ ሹመት፣ በደረጃዎ ላይ ደረጃ እየተመኘሁ፣ ሐሙስ ዕለት ከፊት ወንበር ተቀምጬ እያንዳንዱን ቃልዎን እንደምጽፍ በታላቅ አክብሮት አረጋግጣለሁ።

የዘወትር አክባሪዎ
አዲስዓለም ወንድምነህ
ቁጥር 12፣ ሁለተኛ ፎቅ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ማኅበርዎ ለተዋበች በላከው መጠይቅ መጨረሻ ላይ «ፈቃድ የሌለው ሰው አሁን የሚኖርበት አድራሻ» የሚል ባዶ ቦታ አለ። እሷ መሙላት ስላልቻለች እኔ ልሙላላት። ክንፈ አሁን በከተማው መቃብር፣ በአጥሩ በኩል፣ በስተመጨረሻው ረድፍ ነው። ቦታው በስሙ ለሃያ ዓመት ተሰጥቶታል፤ የመኖሪያ ፈቃዱን የጠየቀው የለም። ደወል የለውም። ለቆጠራ ሲሄዱ እንደለመዱት «ቤቶች!» ይበሉ።